ከካፌዬ ማዶ ሼልተር ሊከፈት ነው፤ ልፈርም ወይስ ልተው?

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ዲሲ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ትንሽ ካፌ አለኝ፤ ቤቱ የኪራይ ነው። መኖሪያ ቤታችንን ግን ከዚያ ሦስት ብሎክ አልፎ ገዝተናል። ከካፌው ማዶ ባዶውን የቆመውን ሕንፃ ከተማው ሼልተር (የቤት አልባዎች መጠለያ) ሊያደርገው ነው ተብሎ ሰፈሩ ታምሷል። ጎረቤቶቼ ፔቲሽን ይዘው መጥተው ፈርሚ አሉኝ። እኔም ስደት ያየሁ ሰው ነኝ፤ ሰው ውጭ ይደር ማለት አይሆንልኝም። ግን ልጆች አሉኝ፣ ዕዳም አለብኝ። ማስቆም ይቻላል? የቤታችን ዋጋስ ይወድቃል? ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ አጭሩን ላስቀድም። ወረቀቱ ላይ ያለው “እዚህ ሰፈር አይከፈት” የሚል ብቻ ከሆነ፣ በእርስዎ ቦታ ብሆን አልፈርምም። ይህን የምለው ለጽድቅ ብዬ አይደለም፤ የጽድቁን ነገር እርስዎ ራስዎ በጥያቄዎ ነክተውታል። የምለው ስለማያዋጣ ነው። በዚህች ከተማ በዞኒንግ (የትኛው ቦታ ላይ ምን እንደሚፈቀድ በሚወስነው ደንብ) እና በመሬት አጠቃቀም ሥራ ላይ ረጅም ዘመን ቆይቻለሁ። “አይከፈት” ብሎ የተነሳ ሰፈር ባዶ እጁን ሲመለስ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ “ከተከፈተ በዚህ በዚህ መልክ ይሁን” ብሎ ቀድሞ የመጣ ሰፈር ግን ከጠየቀው ብዙውን ይዞ ሲሄድ አይቻለሁ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መሆን ደግሞ ከባድ ነው። ስሟን በተቃውሞው ወረቀት ላይ ያሰፈረች ሰው፣ በኋላ ስለ መብራትና ስለ ቆሻሻ ልነጋገር ብላ ስትመጣ “ይቺማ ከመጀመሪያውም አልፈለገችንም” ትባላለች።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለብዎት፣ ጎረቤቶችዎም ገና ያልጠየቁት የሚመስለኝ ነገር አለ፦ ምን ዓይነት ሼልተር ነው?

እኛ “ሼልተር” ስንል በዓይናችን የሚመጣው አልጋ የሞላበት አዳራሽና በር ላይ የተኮለኮለ ሰው ነው። ከተማው ግን በዚህ አንድ ቃል እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ቤቶችን ይጠራል። የቤተሰብ መጠለያ ከሆነ ነዋሪዎቹ በአብዛኛው ልጆች ያሏቸው ወጣት እናቶች ናቸው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚቆለፍ ክፍል አለው፣ ጠዋት የትምህርት ቤት ሩጫ ነው፣ ማታ ጸጥታ ነው። “ሎው ባሪየር” የሚባለው ለብቸኛ ወንዶች ወይም ሴቶች ነው፤ መታወቂያ ሳይጠይቅ፣ ብዙ ደንብ ሳያበዛ ሰውን ከብርድ የሚያስገባ። ሦስተኛው “ብሪጅ ሀውሲንግ” ነው፤ የቤት ቫውቸር (የኪራይ ድጋፍ) እጃቸው ገብቶ ወይም ሊገባ ተቃርቦ አፓርታማ እስኪያገኙ የሚቆዩበት። አራተኛው ጭራሽ ሼልተር አይደለም፤ ሰዎቹ ውል ፈርመው የሚከራዩበት፣ ሶሻል ወርከር ያለበት ቋሚ መኖሪያ ነው። ሰፈር ሲናወጥ ግን አራቱም “ሼልተር” ተብለው ይጠቀለላሉ።

ለካፌ ባለቤት ትልቁ ልዩነት ያለው ሎው ባሪየሩ ውስጥ ነው፣ እሱም በሰዓቱ። ማታ ከፍቶ ጠዋት ሰውን የሚያወጣ መጠለያ፣ በየቀኑ ማለዳ መሄጃ የሌላቸውን ሰዎች በአንድ ጊዜ መንገድ ላይ ያፈሳል። ዝናብ ከሆነ የት ይቆማሉ? የእርስዎ ካፌ በረንዳ ሥር። 24 ሰዓት ክፍት የሆነ፣ ቀን ቀን የሚቀመጡበት ሳሎን ያለው መጠለያ ግን ያንኑ ያህል ሰው ይዞ ከውጭ ላይታወቅ ይችላል። ሰዎች ስለ አድራሻው ሲጣሉ ወራት ይፈጃሉ፤ የበሩን ሰዓት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ከአድራሻው ይልቅ ሰዓቱ ነው የሰፈሩን ዕጣ የሚወስነው።

ማስቆም ይቻላል ወይ ላሉት፣ ይህች ከተማ በዚህ ጉዳይ ያለፈችበትን መንገድ ትንሽ ልተርክልዎ፤ መልሱ ከዚያው ውስጥ ይወጣል። (ዓመቶቹን በሙሉ በአሜሪካው አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ዲሲ ለቤት አልባ ሰው አልጋ የመስጠት ግዴታ ጉዳይ ለሕዝብ ድምፅ የቀረበባት ከተማ ናት። በ1984 ሚች ስናይደር የሚባል ተሟጋች፣ ሁለተኛ መንገድ ላይ ያለው የፌደራል ሕንፃ ለመጠለያ እንዲታደስ 51 ቀን ጾሞ፣ የሬገን አስተዳደር ምርጫው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው እሺ አለው። በዚያው ምርጫ የዲሲ ሕዝብ ማንም ሰው የማደሪያ መብት እንዲኖረው በትልቅ ብልጫ ድምፅ ሰጠ። ካውንስሉ (የከተማው ምክር ቤት) በ1990 ያንን መብት ሸረሸረው። ዛሬ የሚሠራው በ2005 የወጣው ሕግ ነው፦ ብርዱ 32 ዲግሪ ፋረንሃይት (በእኛ ዜሮ) ሲደርስ ወይም ከዚያ ሲወርድ ከተማው መጠለያ ለጠየቀ ሁሉ የመስጠት ሕጋዊ ግዴታ አለበት። የብርዱ ወቅት ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ይባላል።

ይህን ግዴታ ልብ ይበሉት፤ ሙግቱ ሁሉ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። አልጋው በሕግ የግድ ከሆነ፣ “እዚህ አይሁን” ማለት “እዚያ ይሁን” ማለት ነው። “እዚያ” ደግሞ ለብዙ ዘመን ምን እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፦ የወንዙ ማዶ፣ አናኮስቲያ፣ ጠበቃ መቅጠር የማይችለው ሰፈር።

ወይም ዲሲ ጀነራል። ይህ በ2001 እንደ ሆስፒታል የተዘጋ፣ ከከተማው እስር ቤት ጎን ያለ ግቢ ነው። በኋላ ቤተሰቦች ታጎሩበት፤ በክረምት ከ250 በላይ ቤተሰብ፣ አይጥ፣ የሚቋረጥ ሙቅ ውሃ፣ የጋራ መታጠቢያ። በ2014 ከዚያ መጠለያ አንዲት የ8 ዓመት ልጅ ጠፋች፤ የወሰዳት በመጠለያው የጽዳት ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው፤ ልጅቷ እስካሁን አልተገኘችም። ከተማው ያፈረው ያኔ ነው። ከንቲባ ሚዩሪየል ባውዘር በ2015 ሥልጣን ሲይዙ ዲሲ ጀነራልን እዘጋለሁ አሉ፤ በፌብሩዋሪ 2016 ደግሞ ዕቅዱን ይዘው ወጡ፦ በስምንቱም ዋርድ (የከተማው የምርጫ ክልል) አንዳንድ ትንሽ መጠለያ። በዋርድ 2 ለሴቶች ታስቦ የነበረው ቤት ተቆጠረ፤ በቀሩት በእያንዳንዱ እስከ 50 ቤተሰብ የሚይዝ አዲስ ሕንፃ።

ሐሳቡ ብልህ ነበር። አንድ ዋርድ ብቻ ቢነካ ኖሮ የዚያ ዋርድ ተወካይ ብቻውን ታግሎ ይጥለው ነበር። ስምንቱም ሲነኩ ማንም “ለምን እኔ ብቻ” ማለት አልቻለም። በእድር ሁሉም እኩል ሲያዋጣ ማንም እንደማያጉረመርመው ማለት ነው (እሺ፣ በእድርም ይጉረመረማል፣ ግን ይከፈላል)። አፈጻጸሙ ላይ ግን ከንቲባዋ ተሳሳቱ። ቦታዎቹን ሰፈሮቹን ሳያማክሩ መርጠው፣ ካለቀ በኋላ ይፋ አደረጉ። ብዙዎቹ ከግል ባለንብረቶች በውድ ሊዝ የሚያዙ ነበሩ። ሰዉ ተቆጣ፤ ስብሰባዎቹ ጩኸት ሆኑ። በሜይ 2016 ካውንስሉ፣ በሊቀመንበሩ በፊል ሜንደልሰን መሪነት፣ ሦስቱን ቦታ ቀይሮ፣ ሕንፃዎቹ የከተማው ንብረት እንዲሆኑ አድርጎ በሙሉ ድምፅ አጸደቀው። ከንቲባዋ በዚያ ሰሞን ከሊቀመንበሩ ጋር በኮሪደር የተለዋወጡትን ቃል እዚህ አልጽፈውም።

ከእኛ ሰው ጋር የሚገናኝ ቅንጭብ ላክል። የዋርድ 1 መጠለያ መጀመሪያ የታሰበለት ቦታ አሥረኛ መንገድ ላይ፣ ከዩ ስትሪት አጠገብ፣ የኛ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከዘጠነኛ መንገድ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነበር። በመጨረሻ ወደ 14ኛ መንገድ ሄደ። የእርስዎ ዋርድ፣ ዋርድ 4 ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ ኬኔዲ ስትሪት አጠገብ አምስተኛ መንገድ ላይ ያለው “ዘ ኬኔዲ” በ2018 ተከፈተ። ምናልባት በአጠገቡ አልፈው አፓርታማ መስሎዎት ይሆናል። ዲሲ ጀነራልም በዚያው ዓመት በኦክቶበር ተዘጋ።

አሁን ወደ ፍርድ ቤቱ። ዋርድ 3 ሀብታሙ ሰሜን ምዕራብ ነው፤ ጠበቃም ገንዘብም ጊዜም ያለው ሕዝብ። ቦታው አይዳሆ አቬኑ ላይ፣ ልብ በሉ፣ የፖሊስ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ነው። የጎረቤቶች ቡድን ተደራጅቶ ለዞኒንግ ቦርዱ ተቃወመ፤ ቁመቱ በዛ፣ በአንድ ይዞታ ሁለት ዋና ሕንፃ አይፈቀድም፣ ፓርኪንግ ይጠባል ብሎ ተከራከረ። ቦርዱ በ2017 ፈቀደ። ይግባኝ ተባለ፤ በ2018 የዲሲ ይግባኝ ፍርድ ቤት የቦርዱን ውሳኔ አጸና። ሕንፃው ተሠራ፣ ቤተሰቦች ገቡ። ያ ሁሉ ገንዘብ ያለው ሰፈር ከፖሊስ ጣቢያ ጎን ያለን የቤተሰብ መጠለያ ማስቆም ካልቻለ፣ ጆርጂያ አቬኑ በፔቲሽን ያስቆመዋል ብዬ ልሸነግልዎት አልችልም።

የቅርቡ ደግሞ ፎጊ ቦተም ነው። ከተማው በ2023 የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ማደሪያ የነበረውን “ዘ አስተን” የተባለ ሕንፃ በ27.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ ለባልና ሚስት፣ ከአዋቂ ልጃቸው ጋር ላሉ፣ ሕመም ላለባቸው፣ ማለትም በወንድና በሴት በተከፋፈለ መጠለያ ለማይገቡ ሰዎች። የጎረቤቶች ማኅበር ከሰሰ፤ ክሱ ውድቅ ሆነ፤ ቤቱ በኖቬምበር 2024 ተከፈተ። ኒው ዮርክም ያው ነው፦ ማንሃተን 58ኛ መንገድ ላይ፣ የቢሊየነሮች ሰማይ ጠቀስ ሥር ያለ ሆቴል በ2018 መጠለያ ይሆናል ተባለ፤ ሙግቱ ከሦስት ዓመት በላይ አዘግይቶት በ2021 መጨረሻ ተከፈተ። ክስ ጊዜ ይገዛል። ጊዜው የሚጠቅመው ግን ለማን ነው? ለጠበቃው ይጠቅማል፤ ሰፈሩ ሦስት ዓመት ባዶ ሕንፃ እያየ ነው የሚቀመጠው።

እንግዲህ ውሳኔው የት ነው የሚሰጠው? ሰዎች ሁሉንም ኃይላቸውን ኤኤንሲ (የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን) ላይ ያፈስሳሉ። ኤኤንሲን እንደ ድሮው ቀበሌ አያስቡት። ኮሚሽነሮቹ እያንዳንዳቸው ወደ 2,000 ነዋሪ የሚወክሉ፣ ደሞዝ የሌላቸው ጎረቤቶች ናቸው፤ ማዘዝ አይችሉም። ያላቸው ነገር ሕጉ “ታላቅ ክብደት” የሚለው ነው፦ ኮሚሽኑ በጽሑፍ ያነሳውን እያንዳንዱን ጉዳይ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ መመለስ አለበት፤ በ1977 ፍርድ ቤት የተረጎመው እንዲህ ነው። ውሳኔውን አያስቀይርም። ግን ያስተውሉ፦ “እንቃወማለን” ብሎ ለጻፈ ኮሚሽን መልሱ አንድ አንቀጽ ነው። “ጠዋት ሰው የሚወጣበት ሰዓት፣ የማጨሻው ቦታ፣ የቆሻሻ መኪናው በየትኛው በር” ብሎ ለጻፈ ኮሚሽን መልሱ ለእያንዳንዱ ነጥብ ነው፤ የተጻፈ መልስ ደግሞ በኋላ እንደ ውል ይይዙታል።

ዞኒንግ ቦርዱ ሁለተኛው በር ነው፤ እሱም ላይከፈት ይችላል። ሕንፃው ባለበት ዞን ይህ አገልግሎት በቀጥታ የሚፈቀድ ከሆነ ምንም ሂሪንግ (ሕዝብ የሚሰማበት ስብሰባ) የለም። ልዩ ፈቃድ የሚያስፈልገው ከሆነ ቦርዱ የሚጠይቀው ጠባብ ጥያቄ ነው፦ ከዞኑ ዓላማ ጋር ይስማማል ወይ፣ የጎረቤትን ንብረት አጠቃቀም ይጎዳል ወይ። “እነዚህን ሰዎች አንፈልግም” የሚል ምስክርነት ቦርዱ ፊት ዋጋ የለውም፤ እንዲያውም ይጎዳል። “ከፊት ለፊት መኪና አቁሞ ማራገፍ የአውቶቡስ ፌርማታውን ይዘጋል” የሚለው ግን ዋጋ አለው። የሕንፃው ዞን ምን እንደሆነ የከተማው የዞኒንግ ካርታ ላይ አድራሻውን አስገብተው ዛሬውኑ ማየት ይችላሉ።

ትልቁ ውሳኔ ግን ከሁለቱም ቀድሞ በጀቱ ውስጥ ያልቃል። ከንቲባው በጸደይ በጀቱን ለካውንስል ይልካል፤ ካውንስሉ ሂሪንግ ያደርጋል፤ የበጀት ዓመቱ ኦክቶበር 1 ይጀምራል። ለሕንፃው መግዣና ማደሻ ገንዘቡ ከተያዘ በኋላ የሚደረገው የሰፈር ስብሰባ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ስለዚህ ለዋርድ 4 ተወካይዎ ቢሮ የመጀመሪያ ጥያቄዎ “ገንዘቡ በየትኛው ዓመት በጀት ውስጥ ነው?” ይሁን። ካልተያዘ አሁን ነው የመናገሪያው ጊዜ። ከተያዘ ሌላ በር ይቀራል፦ መጠለያውን የሚያስተዳድረው ድርጅት ኮንትራት። በዲሲ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ኮንትራት ካውንስሉን ማለፍ አለበት። ለሰፈርዎ ከማንኛውም ስብሰባ የሚበልጠው ይህ ሰነድ ነው፤ ስንት ሠራተኛ በሌሊት እንደሚቆም፣ በሩ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት የሚጻፈው እዚያ ነው። ፔቲሽን ይዘው ከሚዞሩት ውስጥ ይህን ያነበበ ካገኙ ቡናውን እኔ እጋብዛለሁ።

የቤትዎን ዋጋ በተመለከተ ሁለቱንም ወገን ልንገርዎ፤ ባለሙያዎቻችን የሚጥማቸውን ጥናት ብቻ የመጥቀስ ልማድ አለባቸው። በ2008 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ፈርማን ማዕከል በከተማው ያሉ ቋሚ የድጋፍ መኖሪያዎችን አጥንቶ፣ በ500 ጫማ (150 ሜትር ገደማ) ውስጥ ያሉ ቤቶች ዋጋ እንዳልወረደ አገኘ። ይህን ጥናት በየስብሰባው ይጠቅሱልዎታል። የማይጠቅሱት፣ ጥናቱ ስለ ቋሚ መኖሪያ እንጂ ስለ ሼልተር አለመሆኑን ነው። በ2019 ደግሞ የኒው ዮርክ ከተማ ገለልተኛ የበጀት ቢሮ ማንሃተን ውስጥ የአዋቂዎች ሼልተሮችን አጥንቶ፣ በ500 ጫማ ውስጥ ያሉ መኖሪያዎች ትንሽ ራቅ ካሉት በ7.1 በመቶ ባነሰ ዋጋ እንደተሸጡ አገኘ፤ በአንድ አካባቢ ብዙ ሼልተር ከተከማቸ ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ነበር። ይህንን ደግሞ ተቃዋሚዎቹ ይጠቅሱታል፤ ስለ ቤተሰብ መጠለያ አለመሆኑን ሳይናገሩ።

እኔ ከሁለቱ የምወስደው ይህን ነው፦ የቤቱ ዓይነት ወሳኝ ነው፤ መከማቸት ይጎዳል፤ ርቀቱም አጭር ነው። የእርስዎ መኖሪያ ሦስት ብሎክ ርቋል፤ ከዚያ 500 ጫማ ውጭ ነው ማለት ይቻላል። ስለ ቤትዎ እንቅልፍ አይጡ። እኔ የምሰጋው ለካፌው ነው፤ በተለይ ለማደሻው ጊዜ። አጥርና የጭነት መኪና ፓርኪንጉን ለወራት ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፣ ይህ ደግሞ ሼልተርም ሆነ ኮንዶሚኒየም ያው ነው። የሊዝዎ ማደሻ መቼ ነው? ባለቤቱ የሰፈሩን ፍርሃት እያየ ዋጋ ለመደራደር የተሻለ ጊዜ ላይኖርዎ ይችላል።

ስለ ልጆችዎ። የቤተሰብ መጠለያ ከሆነ የሚመጣው ጎረቤት በአብዛኛው ሕፃን ነው፤ ይህን ከልብ እነግርዎታለሁ። የአዋቂዎች ከሆነ ግን ምንም ለውጥ አይኖርም ብዬ አልዋሽም፦ አምቡላንስ ይመላለሳል፤ የታመመ፣ የሚጠጣ፣ ከራሱ ጋር የሚያወራ ሰው ያያሉ። ይህን ሰው ግን አሁንም ያያሉ፤ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ። በኦገስት 2025 የፌደራል መንግሥት በከተማው ያሉ የድንኳን ሰፈሮችን ሲያነሳ ሰዎቹ አልተነኑም፤ ተበተኑ።

ስለ ራሳችን አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ደግሞ ይቆጨኛል። በእኛ ዘንድ ቤት ማጣት በስሙ አይጠራም፤ “ዘመድ ጋ ነን” ይባላል። ሳሎን ላይ ፍራሽ አንጥፈው ስምንት ወር የቆዩ፣ ከዚያ ባለቤቱ ሲመረው ከሦስት ልጅ ጋር ኒው ዮርክ አቬኑ ላይ ከተማው በተከራየው ሞቴል የገቡ የአገር ልጆች በሥራዬ አግኝቻለሁ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ነጠላቸውን ለብሰው ይመጡ ነበር፤ ማንም አያውቅም። ስለዚህ “እነሱ” ሲባል በሰፈር ስብሰባ ላይ፣ ከወንበሩ አንዱ ላይ “እነሱ” ተቀምጠው እየሰሙ ሊሆን ይችላል።

በፔቲሽኑ ፈንታ ታዲያ ምን ይያዙ? ካልፈረሙ ጎረቤቶችዎ ይቀየሙኛል ብለው እንደሚጨነቁ ይገባኛል፤ ደንበኞችዎም ናቸው። ወረቀቱ ይቀየር ብለው ይጠይቋቸው። “አይከፈት” የሚለውን “እንዲህ ካልሆነ አይከፈት” ያድርጉት፤ ያኔ እኔም እፈርማለሁ። ከዚያ ውስጥ የምጽፈው፦ 24 ሰዓት ክፍት ይሁን፣ የቀን ሳሎን ይኑረው። መግቢያው ከጆርጂያ አቬኑ ሳይሆን ከጎን መንገድ ይሁን፣ የማጨሻ ቦታ ግቢው ውስጥ ይሁን፤ ማጨሻ ካልተሠራላቸው የእርስዎ በረንዳ ነው ማጨሻው። ምሽት የሚያመጣቸው ቫን የት እንደሚቆም ይጻፍ። ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ቢደወል ሰው የሚያነሳው ስልክ ይሰጠን፤ የድምፅ መልእክት ሳጥን አይደለም። ዲሲ ለቤተሰብ መጠለያዎቹ በየዋርዱ የነዋሪዎች አማካሪ ቡድን አቋቁሞ፣ “የመልካም ጉርብትና ስምምነት” የሚሉትን አስፈርሟል፤ ለእርስዎም ሰፈር ይህ ይጠየቅ፣ በቡድኑ ውስጥ ለነጋዴ አንድ ወንበር ይያዝ፣ ወንበሩ ላይም እርስዎ ይቀመጡ። በዲሲ የተመዘገበ አነስተኛ ንግድ ከሆኑ ደግሞ የከተማውን የአገር ውስጥ ነጋዴዎች ሰርተፍኬት ያውጡ፤ እነዚህ ቤቶች ምግብ ይገዛሉ፣ ለሠራተኛ ስብሰባ ቡና ያዛሉ። ይህን ሳነሳ ሰዎች ይስቃሉ፤ የመጀመሪያውን ቼክ ሲቀበሉ ግን አይስቁም።

ሲከፈት መጠንቀቅ ያለብዎት አንድ ሕግ አለ። ከ2022 ጀምሮ በዲሲ የሰብዓዊ መብት ሕግ ቤት አልባ መሆን ከተጠበቁት ማንነቶች አንዱ ነው፤ እንደ ዘርና እንደ ሃይማኖት ማለት ነው። ተቃውሞ መናገር አይከለክልዎትም፤ ያ የመናገር ነፃነትዎ ነው። ካፌ ገብቶ ቡና የከፈለን ሰው “ከዚያ ማዶ ነህ” ብሎ ማስወጣት ግን ያስከስሳል። ሽንት ቤት ለደንበኛ ብቻ የሚል ደንብ ካለዎት ይኑር፣ ግን ላፕቶፕ ይዞ ለመጣውም ለሌላውም እኩል ይሥራ። ሠራተኞችዎንም አሁን ያስረዷቸው፤ ስህተት የሚመጣው በአብዛኛው ከአዲስ ተቀጣሪ ነው።

ስብሰባው ላይ ለመናገር ዜጋ መሆን አያስፈልግም። ግሪን ካርድ ቢሆኑም፣ ባይሆኑም ካውንስል ፊት ምስክርነት መስጠት ይችላሉ። የአማርኛውን ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም፦ በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች የቋንቋ አገልግሎት እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ አማርኛም ሰነድ ከሚተረጎምባቸው ስድስት ቋንቋዎች አንዱ ነው። እንግሊዝኛዎ ጥሩ ቢሆንም እንኳ፣ እናትዎ ወይም ከጎንዎ ያለው የሥጋ ቤቱ ባለቤት ሊናገሩ ይችላሉ። አስተርጓሚ ግን በዕለቱ አይገኝም፤ ከስብሰባው ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድመው ስብሰባውን ለጠራው መሥሪያ ቤት ደውለው “የአማርኛ አስተርጓሚ ይመደብልን፣ የተሰራጨውም ወረቀት በአማርኛ ይሰጠን” ይበሉ፤ ያነጋገሩትን ሰው ስምና ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡ፣ በኢሜይልም ይድገሙት። ወረቀቱ በአማርኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈልጉት መስመር የመጠለያው ዓይነትና የሰዓቱ ነገር ነው። ያ መስመር ከሌለ፣ ተነሥተው የሚጠይቁት የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ይሁን።